የአሞይ አበባና የእኔ መጋዝ

ከዚህ በታች የምጽፈውን አሳስቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ የወደቀው ዓርብ ነው ወይስ ቅዳሜ? መጋዙን ያነሳሁት ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አሞይን ብትጠይቋት ሌላ ቀን ትነግራችኋለች፤ ጎረቤታችንን አቦይ ሐጎስን ብትጠይቋቸው ደግሞ ጭራሽ ስለ ሌላ ቤት የሚያወሩ ይመስላችኋል። እኔ ተናድጄ ነበር። የተናደደ ሰው አጥርቶ የሚያስታውሰው የራሱን ትክክለኛነት ብቻ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሌላው ሰው የተናገረውን እንደሚመቸው አድርጎ ይደረድረዋል። ስለዚህ ስታነቡ ጥቂት ቀንሱልኝ። ከንዴቱ ግን አትቀንሱ፤ እሱን በትክክል ነው የማስታውሰው።

ለመሆኑ ውለታ የሚመልስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የምለው እውነተኛውን፣ ካልመለሰ እንቅልፍ የማይወስደውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚሰጣችሁ የሚያስፈልጋችሁን አይደለም፤ እጁ ላይ ያለውን ነው። እምቢ ብትሉት ይቀየማል። ብትቀበሉት ይጨምርላችኋል። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ የዚህን ዘመዶች በየቀኑ አያለሁ። አንዱ ይመጣና «መድኃኒቱ በጣም ስለተስማማኝ እጥፍ አድርጌ ዋጥኩት» ይለኛል፤ ፊቱ ላይ ኩራት አለ፤ መድኃኒቱን ያመሰገነው መስሎታል። እኔ በየሳጥኑ ላይ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን መልሼ አነባለሁ፣ ገዥው በሩን ሊወጣ ሲል ጠርቼው «ስንቴ ነበር ያልኩህ?» እለዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ወደ አበባው ልምጣ። አሞይ የአባቴ እህት ናት፤ እዚህ የአባት እህት እንዲያ ነው የምትጠራው። እናቴ የደሴ ሰው ናት፣ ያደግኩትም ደሴ ነው፤ መቐለ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ዓዲ ሓቂ በሚባለው ሰፈር ካለው የአሞይ ቤት አረፍኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ሳልወጣ ቀረሁ። አሞይ ልብስ ሰፊ ናት። የአገር ልብስ ትሰፋለች፣ የሙሽራ ታሳምራለች፣ የጠበበውን ታሰፋለች። በትግርኛ ስትቆጣኝ ግማሹን እየዋጠች ነው፤ በአማርኛ የተቆጣችኝ ቀን ግን እያንዳንዱ ቃል በሙሉ ክብደቱ እንዲደርሰኝ ፈልጋለች ማለት ነው።

የምትሰፋበት ክፍል ከግቢው በር አጠገብ ያለችው ትንሽ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ከግድግዳው እግር ሥር ያ ተክል አለ። ስሙ ቡገንቪሊያ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ «አበባው» ይለዋል፤ የባጃጅ ሹፌሮችም «አበባው ጋ ወራጅ አለ?» ይላሉ። እሾሃም ሐረግ ነው፤ ያገኘውን ይይዛል፣ የያዘውን አይለቅም።

ስልክም፣ ባንክም፣ መብራትም በተቋረጠበት በዚያ ዘመን፣ እኔ ባዶ መደርደሪያ ተደግፌ ለመጣው ሁሉ «የለም» ስል በምውልበት ጊዜ፣ ይህ ተክል አብዶ አበበ። ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ወይን ጠጅ ብቻ ሆነ። ጎረቤቱ ከሥሩ ይቀመጥ ነበር። የሚወራ ዜና የለ፣ የሚኬድበት ሥራ የለ፤ የሚያዩት ነገር ግን ነበረ። አሞይ የምትሰፋው ጨርቅ ሲያልቅባት ወንበሯን አውጥታ እዚያው ትቀመጥ ነበር። እኔም ተቀምጫለሁ፤ አልዋሽም።

ክፉው ጊዜ ሲያልፍ ታዲያ ሰፈሩ ውለታ መመለስ ጀመረ።

እዚህ ጋ ስለ ውሃችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ቧንቧችን የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ሲመጣ በርሜሉም፣ ባልዲውም፣ ድስቱም ይሞላል፤ ሲቀር ጀሪካን ተይዞ ቦቴ ይጠበቃል። በቤታችን ጀሪካን የሚሸከመው እኔ ነኝ። ፊቴን የምታጠበው በአንድ ኩባያ ነው። ይህ ሰፈር ልብስ ያጠበበትን ውሃ ወለል ያጥብበታል፣ ወለል ያጠበበትን አቧራ ያረጥብበታል። እንዲህ ያለው ሰፈር ነው ለአበባው ንጹሕ ውሃ በተራ ማምጣት የጀመረው። ማንም አላዘዘ፣ ማንም አልተሰበሰበ። እንዴት እንደተግባቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቀን የአጥር ጎረቤታችን አደይ ምጽላል ድንች ሊያጥቡበት የነበረውን ይዘው መጡ፤ በማግስቱ አቦይ ሐጎስ፣ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከራሳቸው ሮቶ የቀዱትን ሙሉ ባልዲ ይዘው መጡ፤ ከዚያ በኋላ በየማለዳው አንድ ሰው በሩን ያንኳኳል።

«ውሃ ይዘን ነው» ይላሉ፤ የታመመ ሰው ሊጠይቁ የመጡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አሞይም ታስገባቸዋለች፣ ትመርቃቸዋለች፣ እነሱ ሲሄዱ የራሷን ድርሻ ትጨምርበታለች። ያ ውሃ እኔ ትናንት ተሰልፌ ያመጣሁት ውሃ ነው። ትከሻዬ ላይ የጀሪካኑ ምልክት ሳይጠፋ ውሃው መሬት ሲገባ እያየሁ ነው ጥርሴን የምፍቀው።

ተክሉስ? ተክሉ ጠገበ። ግንዱ እንደ ክንዴ ወፈረ፣ የክፍሏን ብቸኛ መስኮት ሸፈነው፣ ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ ጣሪያውን ከፍ አደረገው። ቅጠል በቅጠል ላይ። አበባ ግን አንዲትም የለ። ሁለት ዓመት ያህል አንዲትም። ሰፈሩም ይህን ሲያይ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው አንሶት ነው።

አንድ ቀን ክፍሏ ገብቼ ግድግዳውን ሳየው ወደ ውስጥ የገፋ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው፤ ዓይኔን አላምነውም። ስለዚህ ክር ጫፍ ላይ ከባድ ብሎን አሰርኩና ግንበኞች ቱንቢ የሚሉትን አበጅቼ ከጣሪያው አንጠለጠልኩት። ግድግዳው መሐሉ ላይ ከክሩ አልፎ ወጥቷል። ጠዋት ደግሜ ለካሁ። ክሩን ቀይሬ ለካሁ። ያው ነው። ከዚያ ግድግዳ ሥር ያለችው የስፌት መኪናዋ ናት። ግድግዳው ቢወድቅ የሚወድቀው መኪናዋ ላይ ነው፤ መኪናዋ ላይ ማለት አሞይ ላይ ማለት ነው።

«አሞይ፣ ግድግዳው ሆድ አውጥቷል» አልኳት።

«አንተም ደህና ብትበላ ታወጣለህ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ተክሉ ተጭኖ እየገፋው ነው። ክረምት ሳይገባ መቆረጥ አለበት።»

መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «ሳያብብ? አንተ ደግሞ፤ ሊያብብ የደረሰን ነገር ማን ይቆርጣል? አንዴ ያብብ፣ ከዚያ እንደፈለግክ ቁረጠው።»

«አምናም እንዲህ ነው ያልሽው።»

«ታዲያ ከአምና ጀምሮ የጠበቅኩትን ዛሬ ላባርረው?»

መኪናዋን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ላዙርልሽ አልኳት፤ መብራት የለም አለች። መስኮቱንስ የሸፈነው ማን ሆነና? ይህን ስላት እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች። የመኪናዋ ድምፅ ሲጀምር ውይይቱ አበቃ ማለት ነው።

እኔም በዘዴ እሄዳለሁ አልኩ። ስለ አቆራረጥ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አግድም ሳይሆን ሰያፍ መሆኑን፣ ብረቱ በአልኮል መጠረግ እንዳለበት አጠናሁ። አልኮሉ ከእኔ አይጠፋም። የሚቆረጡትን ቅርንጫፎች ከማይቆረጡት ለመለየት ደግሞ፣ ቀይ ቀለም ብቀባ ሰፈሩ ይደነግጣል ብዬ፣ ከፋርማሲው ያመጣሁትን ፋሻ እየቆረጥኩ አንድ በአንድ አሰርኩባቸው። ጓንት አድርጌ ነበር፤ የቀዶ ሕክምና ጓንት። የመጀመሪያው እሾህ የመጀመሪያውን ጣት በሳው፤ የተቀረውን በባዶ እጄ ጨረስኩ። ግንዱ ላይ፣ ቅርንጫፉ ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ፋሻ ተንጠለጠለ። ሲያልቅ ርቄ አየሁት። በሕይወቴ እንዲህ የተሟላ ዕቅድ አውጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። አቦይ ሐጎስ ነበሩ፤ በሁለት እጃቸው ሁለት ባልዲ።

«ወደይ፣ ተባረክ» አሉኝ። ወደይ ልጄ ማለት ነው። «እያከምከው መሆኑን ሰማን። እኛ እኮ አላወቅንም ነበር።»

«ምኑን አቦይ?»

«ይኼው አሽገኸዋል አይደል እንዴ? ስብራት ነው?»

ልክ በዚያ ሰዓት መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ከኋላቸው አደይ ምጽላል ገቡ፣ ከአደይ ምጽላል ኋላ ደግሞ በመልክ ብቻ የማውቃቸው ሦስት ሰዎች፤ ሁሉም ጀሪካን ይዘዋል፣ ሁሉም ፋሻውን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። የታመመ ሰው ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ብርቱካን ለማይበላ በሽተኛ ደግሞ የሚመጣው ውሃ ነው። ያን ሳምንት የተክሉ ሥር ረግረግ ሆነ፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሬ ብቻውን የወጣበት ጊዜ አለ። ያን ሁሉ ውሃ ካመጡት ሰዎች መካከል ግን «መሰላል ልያዝልህ?» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ እስከ አሁን ደሜ ይፈላል። ውለታ መመለስ ደስ ይላል፤ መሰላል መያዝ ግን ክንድ ያደክማል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ዓርብ እንበለው።

ከፋርማሲ መጥቼ ወደ ክፍሏ ስገባ አሞይ የሙሽራ ቀሚስ ዘርግታ እየሰፋች ነበር። አጠገቧ ቆሜ ስለ ምሳ ይሁን ስለ ሌላ ነገር ስጠይቃት ከግድግዳው አንድ ድንጋይ ወጣ። ትልቅ አይደለም፤ ብርቱካን ያክላል። ቀኝ እጇ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እጇ የዳነው መቀስ ለማንሳት ዞር ብላ ስለነበር ነው። ከኋላው ጭቃ ረገፈና ነጩ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

አሞይ ድንጋዩን አየችው። አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቀሚሱን አራገፈች፣ ያልለቀቀውን በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ መርፌው የቆመበትን ቦታ ፈልጋ መስፋቷን ቀጠለች።

ያናደደኝ ድንጋዩ አይመስለኝም። መስፋቷን መቀጠሏ ነው። ብትጮህ፣ ብታለቅስ፣ ብትሳደብ ምናልባት ዕቅዴን ይዤ እቀመጥ ነበር። ወጣሁና ከጓዳ መጋዙን አነሳሁ። አልኮል የለ፣ ጓንት የለ፣ ሰያፍ የለ። ፋሻ የታሰረበትንም ያልታሰረበትንም አልለየሁም። ከታች፣ ከወገቡ በታች፣ ዋና ዋናዎቹን ግንዶች ገዘገዝኳቸው። እሾሁ ሸሚዜን ቀደደ፣ ክንዴን ጫረ፤ እኔም በተራዬ ጎተትኩት፣ ረገጥኩት፣ የማልጽፈውን ሁሉ አልኩት። ተክልን መስደብ ጥቅሙ መልስ አለመስጠቱ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል የአሞይ መኪና አልቆመም። እሷ መጋዜን ትሰማለች፤ እኔም መጋዙ ባረፈ ቁጥር መኪናዋን እሰማለሁ። እየተመላለስን የምንጣላ ይመስል ነበር።

በመስኮቱ በኩል ያለውን ስጥል መኪናው ቆመ። ብርሃን ገብቶባታል።

ወጥታ በር ላይ ቆመች። የወደቀውን ክምር አየች፣ የቀሩትን ጉቶዎች አየች፣ በደም የተዥጎረጎረውን ክንዴን አየች።

«ጨረስክ?» አለችኝ። በአማርኛ።

«አልጨረስኩም።»

«ጨርስ።»

ይህን ብላ ተመልሳ ገባች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም። ምግቤን ትሸፍንልኛለች፣ ልብሴ ሲቀደድ ትሰፋልኛለች፤ ቃል ግን የለም። አንድ የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ለበሩ ትነግረዋለች፤ «ጀሪካኑ ባዶ ነው» ትላለች፣ እኔም ለበሩ ስል ተነስቼ እሄዳለሁ።

ሰፈሩ ሲሰማ መጣ። ያለ ውሃ ነው የመጣው። አቦይ ሐጎስ ጋቢያቸውን ደርበው አግዳሚ ወንበር ይዘው ገቡ፤ እውነቴን ነው፣ አግዳሚ ወንበር። ግቢው ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ጽንዓት ይሃብኪ» አሏት አሞይን። ብርታቱን ይስጥሽ ማለት ነው፤ ሰው ሲሞት የሚባል ነው። የሚያሾፉ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አላሾፉም።

አደይ ምጽላል ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ ሐኪም ብለንህ፤ አንተ ለካ ገናዥ ነህ።»

«ግድግዳው ሊወድቅባት ነበር» አልኳቸው። «ድንጋይ ወድቋል። እጇን ለጥቂት ነው የሳታት።»

«ታዲያ ግድግዳውን አትቆርጠውም ነበር?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አሞይም ፊቷን አዙራ የሳቀች መሰለኝ፤ ይህን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ሰው «ደህና አደረግክ፣ አክስትህን አተረፍክ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁ። ቡና እንኳ ሳይጠጡ፣ ልክ እንደ ልቅሶ ቤት፣ ተነስተው ሄዱ። ወንበሩን መልሼ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ግንበኛ መጥቶ ሆድ ያወጣውን ግድግዳ አፍርሶ ገነባው። የግድግዳው እግር ሲቆፈር ጭቃው እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር፤ ያኔ በድል ስሜት ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ክረምቱ መጣ፣ ዘነበ፣ ጉቶዎቹ አቆጠቆጡ። ክረምቱ ወጣ። የባጃጅ ሹፌሮች ተሳፋሪዎቻችንን ሁለት መንገድ አልፈው ያወርዱ ጀመር። የአሞይ ደንበኞች ቤቱ እየጠፋባቸው፣ ሲያገኙንም «አበባው የት ሄደ?» ይሉ ነበር፤ እሷም በመርፌዋ ወደ እኔ ትጠቁም ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አበበ።

እንዲህ ሲያብብ ከዚያ ከክፉው ዘመን ወዲህ አይቼው አላውቅም። ቁመቱ ከመስኮቱ አይበልጥም፤ ግን ቅጠሉ የማይታይ ወይን ጠጅ ሆነ። አቦይ ሐጎስ መጥተው ቆመው አዩትና እንባቸው መጣ። አደይ ምጽላል ስለት ተስዬ ነበር አሉ። አሞይ «እመቤቴ ናት» አለች፤ ይህን የተናገረችው ለእኔ ነው፣ ለበሩ አይደለም። እኔስ? እኔ በኩራት ሊነገር በማይገባ ደረጃ ላይ ነበርኩ። ሰውን እየጠራሁ አሳየሁ። «ቡገንቪሊያ በደንብ ሲቆረጥ እንዲህ ነው» አልኩ። ያልጠየቀኝን ሁሉ ስለ አንጓና ስለ ሰያፍ አስተማርኩ፤ አንዱንም እንዳልተከተልኩ ረስቼ። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ልቅሶ፣ ያ ሁሉ ዝምታ አሁን ዋጋውን አገኘ አልኩ። ፋርማሲ ውስጥ ሳይቀር አወራሁት።

ከዚያ እንደ ልማዴ ጥርጣሬ ገባኝ። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ምን ያረጋግጣል? ከቆረጥኳቸው ቅርንጫፎች ሁለቱን በዚያው ሰሞን ባዶ የቀለም ጣሳ ውስጥ ተክያቸው ነበር፤ ሥር ይዘዋል። ሁለቱም እኩል እስኪጠነክሩ ጠበቅኩ። ሁለቱንም እኩል ቆረጥኳቸው፤ በዚህ ጊዜ በአልኮል በተጠረገ መቀስ፣ ከአንጓው በላይ፣ ሰያፍ። ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንደኛውን በየጊዜው አጠጣሁት። ሁለተኛውን ቅጠሉ እስኪጠወልግ ተውኩት፣ ሊሞት ሲል ጥቂት ሰጠሁት፣ መልሼ ተውኩት። የጠጣው ቅጠል በቅጠል ሆነ። የተጠማው አበበ። አላመንኩም፤ አቀያየርኳቸው። የጠጣው ተጠምቶ አበበ፤ የተጠማው ጠጥቶ ለመለመ፣ አበባውን አራገፈ።

ሁለቱን ጣሳዎች ጎን ለጎን መልሼ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ አሞይ ወደምትሰፋበት ክፍል ሄድኩ።

«አሞይ፣ እኔ ከቆረጥኩት በኋላ ስንት ጊዜ አጠጣሽው?»

«ማንን?»

«አበባውን።»

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «አንተ ላይ ያን ያህል ተናድጄ? አንድ ኩባያ አልሰጠሁትም። የቆረጠው ያጠጣው ብዬ ሰፈሩንም ከልክያለሁ። ደግሞ ዝም ብለህ አታጠጣም ነበር እንዴ? አንተ እያጠጣኸው ነው ብዬ እኮ ነው።»

እኔ የመሰለኝ እሷ እያጠጣችው ነበር። በነገሩ ማንንም ስለማላምን አቦይ ሐጎስን ጠየቅኳቸው፣ አደይ ምጽላልን ለብቻቸው ጠየቅኳቸው፣ እነዚያን በመልክ ብቻ የማውቃቸውንም መንገድ ላይ እያስቆምኩ ጠየቅኳቸው። አረጋግጫለሁ። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እስኪያብብ ድረስ፣ ሁሉም በእኔ ተቀይሞ፣ ማንም ሰው አንዲት ጠብታ ውሃ አላጠጣውም።